በሁለት ቢላዋ የሚበላ ማን ነው?

ባለፈው እትም በዚህች ልሳናችን ላይ «አንድ ሰው፣ አንድ ፊት» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ ያላነበበ ተማሪ ያለ አይመስለኝም፤ ያላነበበም ቢኖር በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ሲጠቀስ ሳይሰማ አልቀረም። የወንድማችን ብዕር ስል ነው፤ ይኸን አልነፍገውም። ሐሳቡ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፤ በወላጆቹ ፊት አንድ፣ በመምህሩ ፊት ሌላ፣ በባልንጀሮቹ ዘንድ ደግሞ ሦስተኛ ሰው የሚሆን ተማሪ «በሁለት ቢላዋ የሚበላ» ነው፤ እስስት ነው፤ እምነት አይጣልበትም። ስለዚህም እያንዳንዳችን ማን እንደ ሆንን አንድ ጊዜ አስታውቀን፣ በሄድንበት ሁሉ ያንኑ ሆነን መገኘት አለብን፤ ይኸን የማያደርግ የሚደብቀው ነገር አለው።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር። አልቀረም። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በጽሑፉ የተደሰተ ይመስላል፤ አዲስ የአባልነት መመዝገቢያ ቅጽ አሰናድቷል። የቅጹ ሦስተኛ መስመር «ብሔር» ይላል፤ አራተኛው «ሃይማኖት» ይላል፤ ከግርጌውም «ከዚህ በላይ የሰጠሁት መግለጫ ማንነቴን በትክክል የሚያሳይ ነው» ከሚል ቃል ሥር ፊርማ ይጠየቃል። ይኸው ቅጽ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ ሊጸድቅ ነው። እንግዲህ ጉባኤው ሳይሰበሰብ አንድ ሁለት ነገር እንድናገር ይፈቀድልኝ።

እኔ የአርዲቦ ልጅ ነኝ። አርዲቦን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ የተኛውን ሁለተኛውን ውሃ ይጠይቅ። ብዙ መንገደኛ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ትልቁን ሐይቅ ብቻ አይቶ ይመለሳል። አርዲቦ ግን ለትልቁ ውሃ ሰጪ ነው፤ ሞልቶ ሲተርፈው በወንዝ ወርዶ ወደ ሐይቅ ይገባል። ይኸን ያነሣሁት ለጂኦግራፊ ብዬ አይደለም። ያንኑ ውሃ ላይ አርዲቦ፣ ታች ሐይቅ ብለን ስንጠራው «ይኸ ውሃ አታለለኝ» ብሎ የከሰሰ ገበሬ በአገራችን እስካሁን አልተሰማም።

ወደ ቢላዋው ልመለስ። «በሁለት ቢላዋ መብላት» ለከዳተኛና ለአድርባይ የተሰጠ ፈሊጥ ነው፤ ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። በእኛ አገር ግን ሁለት ቢላዋ ማለት የቤት ዕቃ ማለት ነው። በወሎ ሠርግ የሚደግስ ሰው ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ ከብት ለይቶ ያቆማል፤ የሚያርደው ሙስሊም ጎረቤቱ ነው፤ ድስቱም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ መቀመጫውም ይለያል። ሙስሊም ሲደግስም እንዲሁ ለክርስቲያኖቹ ይለያል። ይኸን የሚያደርገው ባለጸጋው ብቻ አይደለም፤ ድሃውም ቢሆን አንድ ዶሮ ተበድሮ ያደርገዋል። ለአንዱ ወገን ሳይለይ የቀረ ደጋሽ «ሰው አያውቅም» ይባላል፤ ከዚህ የከፋ ስድብ ደግሞ የለም።

አርዲቦ ዳር ባለው በአያቴ ቤት ጓዳው ውስጥ ሁለት ቢላዋ ተሰክቶ ይኖራል። አንዱ የቤቱ ነው። ሁለተኛውን «ያማቼ ነው፤ እንዳትነኩት» ትላለች። አማቿ አባቴ ነው። አባቴ ክርስቲያን ነው፤ እናቴም እርሱን ስታገባ ተጠምቃለች፤ ወንድሟ ግን ሸኽ ነው። አባቴ ለጥየቃ ሲሄድ አያቴ ዶሮዋን ከነነፍሷ ታስረክበዋለች፤ እርሱም በዚያ ቢላዋ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ በተለየውም ድስት ይሠራለታል። የሄደው በጾም ከሆነ ማንም ሳይነግራት ወተቱን ከፊቱ ዘወር አድርጋ ሽሮ ታቀርባለች፤ ኧረ እንዲያውም የጾሙን መግቢያና መፍቻ ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች። አባቴም በረመዳን የሄደ እንደ ሆነ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ውሃ እንኳ በሰው ፊት አይጠጣም።

እስቲ ወንድማችን ይመልስልን። አባቴ በረመዳን ውሃ ሳይጠጣ ሲውል ሰልሟል ማለት ነው? አያቴስ የክርስቲያን ቢላዋ በጓዳዋ ስትሰካ ከዲኗ ወጣች? ሁለቱም ማን እንደ ሆኑ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቢላዋው ሁለት የሆነው የሁለቱም እምነት ስለ ጠበቀ ነው፤ ቢላላማ ኖሮ አንድ ቢላዋ ይበቃ ነበር።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ እኔ እንዴት እንደ መጣ ልናገር። ባለፈው ዓመት በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አንድ የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬን ይዤ አገር ቤት ገባሁ። ባልንጀራዬ ብዙ ነገር አየ። ከአባቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሳለም አየ። በማግሥቱ አያቴ ቤት «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ስገባ፣ ከሸኽ አጎቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ ዱዓ ስቀበል፣ ሲመርቁኝም «አሚን» ስል አየ። አነጋገሬም ገረመው፤ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት መለያየት ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከረው ሰው፣ እዚያ «አብሽር» እና «ወላሂ» እያለ ስለ በሬ ዋጋ ሲጫወት ሰማ። ወደ ግቢ በተመለስን በሳምንቱ «ይኸ ልጅ ሦስት ሰው ነው» የሚል ወሬ በዶርሙ ሁሉ ተነዛ። ሦስት ሰው ከሆንሁስ ምነው ምግብ ቤቱ የአንድ ሰው እራት ብቻ ይሰጠኛል?

ቀልዱ ይቅርና፣ ባልንጀራዬ በቅንነት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «እውነተኛው የትኛው ነው?» አለ። በእርሱ አስተሳሰብ ከሦስቱ አንዱ ሥጋ፣ የቀሩት ሁለቱ ልብስ መሆን አለባቸው። እኔ ግን ለአያቴ የልጅ ልጇ ነኝ፤ ለመምህሬ ተማሪው ነኝ፤ ለዶርሙም ጮሌው ተከራካሪ ነኝ። አያቴን በሴሚናር ቋንቋ ባነጋግራት በእርግጥ በሁሉም ዘንድ ያው ሰው እሆናለሁ፤ በሁሉም ዘንድ ባለጌ እሆናለሁ። ባልንጀራዬም ቢሆን እናቱ ስልክ ሲደውሉ አይተነዋል። 500 ኪሎ ሜትር ርቀው በዓይናቸው ሊያዩት የማይችሉትን እናቱን «አቤት እማዬ» የሚለው ከአልጋው ተነሥቶ፣ ሲጋራውን አጥፍቶ ነው። ይኸን የማነሣው ላሳፍረው አይደለም። ከእርሱ ጠባይ ሁሉ የምወድለት ይኸንኑ ነው።

የተከበሩ የሶሲዮሎጂ መምህሮቻችን ይኸን ነገር በሌላ ቋንቋ ያስተምሩናል። ኤርቪንግ ጎፍማን የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ በታተመው መጽሐፉ፣ ሰው በሰው ፊት የሚኖረውን ኑሮ በቲያትር መድረክ መስሎ ተንትኖታል፤ ተመልካቹ ሲለወጥ ተዋናዩም ይለወጣል፤ ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ደግሞ የሚያርፍበት ጓሮ አለው። ጥሩ ብሏል። ቢሆንም ምሳሌውን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አያቴ ቤት ስገባ ለማንም ትርኢት አላሳይም፤ ስወጣም የማወልቀው ነገር የለኝም። ከእነርሱ ጋር የምሆነውን ሰው ብቻዬን ብሆን አላገኘውም፤ እነርሱ ሲኖሩ ብቻ የሚገኝ ሰው ነውና።

ደግሞስ የምንጽፍበት ቋንቋ ራሱ ማን መሰከረለት? አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «አንቱ»፣ «እርስዎ» ይላል፤ ግሡም በዚያው ልክ ይታጠፋል። በዚህ ቋንቋ ከፊቱ ያለው ማን እንደ ሆነ ሳያይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሊናገር የሚችል ሰው የለም። ለንጉሥም ለእረኛም፣ ለአባቱም ለታናሹም እኩል «አንተ» የሚል ሰው ቢገኝ ሕዝቡ «አቋም ያለው» አይለውም፤ ስድ ይለዋል።

ስምንም እንመልከት። ክርስቲያኑ በአደባባይ የሚጠራበት ስም አለው፤ ለጸሎትና ለቁርባን የሚጠራበት የክርስትና ስም ደግሞ ሌላ ነው። መነኵሴ ሲሆን ስሙ ይለወጣል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዶ አንዱን አባት «ባለ ሁለት ስም» ብሎ የሚከስ የለም። መኳንንቱ የፈረስ ስም ነበራቸው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ የወሎው ሚካኤል አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር። በአገራችን አንድ ስም ብቻ የነበረው ሰው ምናልባት ስም የሚያወጣለት ዘመድ ያጣ ሰው ነው።

እንግዲህ «አንድ ፊት ይኑርህ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ወንድማችን የሥልጣኔ ቃል አድርጎ አቅርቦታል። በእኛ አገር ግን ይኸ ቃል የታወቀ ታሪክ አለው፤ የተነገረበትም ሜዳ ከሐይቅ ብዙ አይርቅም።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. በደሴ አቅራቢያ ባለችው በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ሊቃውንቱ ተሰበሰቡ። ጉባኤው በመጀመሪያ የተነጋገረው በክርስቲያኖች መካከል ስለ ነበረው የባሕርይና የልደት ክርክር ነው፤ እርሱም በተዋሕዶ ወገን አሸናፊነት ተፈጸመ። ቀጥሎ ነገሩ ወደ ወሎ ሙስሊም ተሻገረ። ሹመት ያለው ሙስሊም ወይ ይጠመቅ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ፤ ተራው ሕዝብም በተቆረጠለት ዓመት ውስጥ ይጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። አባ ዋጠው የሚባሉት ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ እርሳቸውን ያነሡ ምኒልክ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ አገር አንድ እንዲሆን ሰው አንድ ይሁን። በነገራችን ላይ ይኸን ያዘዙት ንጉሠ ነገሥት ሲወለዱ ካሳ፣ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ፣ ሲነግሡ ዮሐንስ ነበሩ። ለራሳቸው ሦስት ይዘው ለወሎ አንድ ፈቀዱ።

ውጤቱ ምን ሆነ? እንደ ሸኽ ጦልሃ ያሉት ጦር አንሥተው ተዋጉ። ብዙዎች አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። የቀረው ሕዝብ ደግሞ በታሪክ ተመዝግቦ እስከ ዛሬ የሚነገርለትን ኑሮ ጀመረ፤ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነ። ቀን ማተቡን አስሮ ከደጀ ሰላም ይቆማል፤ ሲመሽ በሩን ዘግቶ ይሰግዳል። ወንድማችን በዚያ ዘመን ቢኖር ኖሮ እኒህን ሰዎች «እስስት» ብሎ ይጽፍባቸው ነበር። እኔ ግን እጠይቀዋለሁ፤ ሁለተኛውን ፊት የሠራው ማን ነው? ያ ሕዝብ ከአዋጁ በፊት በገዛ በሩ ላይ በቀን የሚሰግድ ሕዝብ ነበር። ሌሊቱን የሰጠው አዋጁ ነው። አንድ ፊት ይኑርህ ተብሎ በታዘዘበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሰው ግልጽነትን አይማርም፤ መዝጊያ ይገጥማል።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ አዋጁ እየላላ ሄደ። ከተጠመቁት አንዳንዱ በክርስትናው ጸና፤ አንዳንዱ ተመለሰ፤ አንዳንዱ ቤት ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ጣራ ሥር ቀረ። የአያቴ ሁለት ቢላዋ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። አዋጁ ሊያጠፋው ያልቻለውን ነገር ባልቴቶች በጓዳቸው ሥርዓት አበጁለት።

የልጅ ኢያሱን ነገር በአጭሩ አነሣለሁ፤ ብዙ የተጻፈበት ነውና። እናቱ የምኒልክ ልጅ ሸዋረጋ፣ አባቱ ቦሩ ሜዳ ላይ የተጠመቁት ሚካኤል። በእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ሰው በሐረርና በድሬዳዋ ከሙስሊሞች ጋር ተቀምጦ ቢበላ ምን ያስገርማል? መኳንንቱ ግን «ሰልሟል» አሉ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ሻሩት። የሥልጣን ሽሚያም ነበረበት፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሣይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች የዓለም ጦርነት ሥጋትም ነበረበት፤ ይኸን አልክድም። ነገር ግን ሕዝቡን ለማሳመን ከክሶች ሁሉ የተመረጠው «ይኸ ሰው አንድ አይደለም» የሚለው ነበር። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ በሺሕ የሚቈጠር ሰው አለቀ።

ከዚህ በኋላ የማነሣው ሰው ለዚህች ልሳን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። በደሴ ወይዘሮ ስሂን የተማረው የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጻፈ። ኢትዮጵያዊ ለመባል ሰው የአንድን ሕዝብ ቋንቋና ልማድ እንደ ጭምብል ማጥለቅ ግድ ሆኖበታል አለ፤ የጭምብሉን ነገር የተዋሰው ከፍራንዝ ፋኖን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1965 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። ጽሑፉን የሚወዱትም የሚረግሙትም ብዙ ናቸው። እኔ ምርመራው ትክክል ነበር እላለሁ፤ በግድ የተጫነ ፊት ነበረ፤ በትምህርት ቤት በስሙና በአነጋገሩ የተሳቀበት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

የማልስማማው ከእርሱ በኋላ ከመጡት ጋር ነው። እነርሱ ጭምብሉን ብናወልቀው ከሥሩ አንድ ያልተነካ ፊት እናገኛለን ብለው አሰቡ። ከዚያም ያንን አንድ ፊት በካርድ ላይ ጻፉት። ለወሎ ሰው ጭምብሉን ብታወልቅለት ስንት ፊት ታገኛለህ? ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ፣ ወረ ባቦ የሚሉትን የአገራችንን ስሞች እስቲ ልብ በሏቸው። «ወረ» በኦሮምኛ ወገን፣ ቤተ ሰብ ማለት ነው። በዚያ የሚኖረው ብዙው ሰው አፉን የፈታው በአማርኛ ነው፤ ዱዓውን ሲያደርግ ዓረብኛ ይቀላቅላል፤ ጎረቤቱ በግእዝ ይቀድሳል። ከእነዚህ ሁሉ «እውነተኛው» አንዱ ነው ብሎ የሚፈርድ ዳኛ ከየት ይምጣ? በድሮው ጭምብል ፋንታ አዲስ ጭምብል ሰጡን፤ አዲሱ ላይ ደግሞ «ፊት» የሚል ጽሑፍ አለበት።

አሁን ተቃዋሚዬ የሚያነሣውን አውቃለሁ። «ይኸ ክርክር ለጆሮ ጠቢውም ጥብቅና ነው፤ እርሱም ከእኛ ጋር እኛን መስሎ፣ ከአለቃው ጋር አለቃውን መስሎ ይኖራል» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በጽሑፉም ውስጥ ዋጋ ያለው ክፍል ይኸ ብቻ ነው። ተማሪ ሆኖ ተማሪን የሸጠ ሰው በየዘመኑ ነበረ። በዶርም ውስጥ አብዮተኛ፣ በቢሮ ደጃፍ አጎንባሽ የሆነም ዛሬ ሞልቷል።

ነገር ግን የጆሮ ጠቢው ጥፋት ፊቱን መለወጡ አይደለም። እርሱማ ከሁላችንም ይልቅ የማይለወጥ ሰው ነው፤ በገባበት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ የራሱን ጥቅም። አባቴ በረመዳን ውሃውን ሲተው የጠማው ራሱ ነው። ጆሮ ጠቢው ፊቱን ሲለውጥ የሚጠማው ሌላ ሰው ነው። የምንፈርድበት ሚዛን ይኸ ይሁን፤ የለወጠው ለማን ብሎ ነው? የከፈለውስ ማን ነው? ደግሞም ከሰው ልንጠይቀው የሚገባን ጽናት አለ፤ እርሱም በቃል መጽናት ነው። የተበደረውን ይመልስ፤ ያማለውን ይጠብቅ፤ በዶርም ለባልንጀራው የገባውን ውል በቢሮ አያፍርስ። ከዚህ ሌላ እናቱ ዘንድ እንዴት እንደሚስቅ፣ ሸኹ ዘንድ እንዴት እንደሚቀመጥ የጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አይደለም።

የኮሚቴው አባሎች በግል ሳነጋግራቸው «ቅጹ ለክፋት አይደለም፤ በማኅበሩ ውስጥ የሁሉም ወገን ውክልና ሚዛናዊ እንዲሆን ነው» አሉኝ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን እንዴት ረሱት? ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ ብዙ ተማሪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ግቢ ጥሎ ወጣ። በዚያ ሰሞን በየኮሪደሩ የሚሰማው ጥያቄ «አንተ ምንድን ነህ?» የሚል ነበር። «ማን ነህ?» አይደለም፤ «ምንድን ነህ?» ነው። እንደዚያ ባለ ሌሊት የሁላችንንም ስም ከነብሔሩ፣ ከነሃይማኖቱና ከነዶርም ቍጥሩ የያዘ መዝገብ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ቢገኝ ለምን ይውል ነበር? መዝገቡን የሚያዘጋጁትና መሳቢያውን የሚሰብሩት አንድ ሰዎች እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምፈራው።

መንግሥት እንኳ ከዚህ ነገር አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሏል። የቀበሌ መታወቂያ ለብዙ ዓመት «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ሲያዳርስ፣ በመንገድ ላይ ካርዱን የሚያሳይ ሰው ልቡ ከዚያች አንዲት መስመር ላይ ነበረች። በ2015 ዓ.ም. አዋጅ የወጣለት የፋይዳ መታወቂያ ግን ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው እንደ ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታና አድራሻ ያለውን ነው። መንግሥት የተወውን ጥያቄ የተማሪዎች ማኅበር ከቆሻሻ መጣያ አንሥቶ ለምን ይጠይቀናል? ውክልና ከሆነ የሚፈለገው በትምህርት ክፍልና በዓመት መምረጥ ይቻላል፤ የላቦራቶሪ ዕቃ የጎደለበት ተማሪ ጉዳቱ በክፍሉ እንጂ በዘሩ አይለይም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ይሰረዙ፤ ከግርጌው ያለው የማረጋገጫ ቃልም «የማኅበሩን ደንብ አክብሬ መዋጮዬን እከፍላለሁ» በሚል ይተካ። ሐሳቤን የሚደግፉ ተማሪዎች ፊርማቸውን እስከ ዓርብ ድረስ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ በሚቀመጠው ወረቀት ላይ ያኑሩ። የ«አንድ ሰው፣ አንድ ፊት» ጸሐፊም ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ በሚመጣው ዕረፍትም አርዲቦ ቢከተለኝ አያቴ ሁለተኛውን ቢላዋ ታውሰዋለች።

ሐሳቡ ውድቅ ከሆነ ደግሞ ቅጹን በታማኝነት ልሞላ እገደዳለሁ። በሦስተኛው መስመር ላይ የተተወው ባዶ ቦታ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለክቼዋለሁ። ለአባቴ ወገን ብቻ እንኳ አይበቃም። ተጨማሪ ወረቀት እንዲሰጠኝ ከወዲሁ ለኮሚቴው አመለክታለሁ።